የተሰረቀው ስልኬ በሰው እጅ ተገኘ፤ ነጥቄ ልውሰደው?

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በአውቶቡስ ስጓዝ ደብረ ሲና ላይ በመስኮት ቆሎ እየገዛሁ ሳለ፣ ጭኔ ላይ የነበረውን ስልኬን አንዱ መንትፎኝ ሮጠ። ረዳቱ «አንቆምም» አለኝ። ደሴ ገብቼ ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ «የተሰረቀው እዚያ ስለሆነ እዚያው አመልክት» ተባልኩና ተውኩት። ከወር በኋላ ግን የሰፈሬ ልጅ ይዞት አየሁ፤ ጀርባው ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር የኔ ነው። ልጁ እዚሁ ደሴ ከስልክ ቤት በ14,000 ብር በደረሰኝ እንደገዛው ይናገራል። ነጥቄ ልውሰደው? አውቶቡሱንስ መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ አይንጠቁት። ደብረ ሲና ላይ የሌባውን እጅ መስኮቱ ላይ ይዘው፣ ወይም ወርደው አባረው ደርሰውበት ቢሆን ኖሮ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1148 ንብረትዎን እዚያው በጉልበት ማስመለስ ይፈቅድልዎታል፤ ያውም ከልክ ያላለፈ ጉልበት። ከወር በኋላ፣ ያውም ከሌባው ሳይሆን ከገዢው እጅ ከነጠቁ ግን ተከሳሹ እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

ስልኩ ግን አሁንም የእርስዎ ነው። በመርህ ደረጃ ተንቀሳቃሽ ዕቃ በቅን ልቦና ገዝቶ የተረከበ ሰው ባለቤት ይሆናል። የተሰረቀ ዕቃ ከዚህ ውጪ ነው፤ ቁጥር 1165 ባለቤቱ ዕቃውን ከቅን ገዢም ቢሆን እንዲያስመልስ መብት ይሰጠዋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማንበቡን ያቆምና ቀጥሎ ባለው ቁጥር 1166 ይደናገጣል። ገዢው ዕቃውን የገዛው መሰል ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር፣ ከገበያ ወይም ከጨረታ ከሆነ፣ የከፈለውን ዋጋ የሚመልስለት ባለቤቱ ነው። የልጁ ደረሰኝ እውነተኛ ከሆነ ስልክዎን ለመውሰድ 14,000 ብር ሊያወጡ ነው። ይመርራል፣ አውቃለሁ። ገንዘቡን በኋላ ከሌባው መጠየቅ ይችላሉ፤ መጀመሪያ ግን ሌባው መገኘት አለበት።

ስለዚህ እኔ ብሆን ልጁን ትቼ ስልክ ቤቱ ላይ አተኩር ነበር። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 ስርቆት እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስከትል ይችላል። ባለ ሱቁን የሚመለከተው ግን አንቀጽ 682 ነው፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው፣ ዕቃውን የተቀበለና የሸጠ ሰው በመሸሸግ ወንጀል ይጠየቃል። ያገለገለ ስልክ ያለ ካርቶን፣ ያለ ሻጭ መታወቂያ በርካሽ የገዛ ነጋዴ «አላወቅሁም» ቢል ማን ይሰማዋል? በሥራዬ ካየኋቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ ያለቁት እዚሁ ጋ ነው፤ መርማሪ ፖሊስ «ከማን ገዛህ?» ሲል ባለ ሱቁ ለገዢው ብሩን ራሱ ይመልሳል።

ይህ የፖሊሱንም ጉዳይ ይፈታል። ቀድሞም ቢሆን ጣቢያው አቤቱታዎን ጽፎ ማስተላለፍ ነበረበት እንጂ እርስዎን መመለስ አልነበረበትም። አሁን ደግሞ የተሰረቀውን ስልክ የመግዛትና የመሸጡ ነገር የተፈጸመው ደሴ ውስጥ ነው፤ «ደብረ ሲና ሂድ» የሚያሰኝ ነገር የለም። በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የተሰረቀበትን ቀንና ሰዓት፣ የአውቶቡስ ትኬትዎን፣ አጠገብዎ ተቀምጦ ያየ ተሳፋሪ ካለም ስሙን ያያይዙ። ጀርባው መሰንጠቁን መርማሪው ከቁም ነገር ላይቆጥረው ይችላል፤ የተሰነጠቀ ስልክ ሞልቷል። የሚያምነው ካርቶኑ ጎን ላይ የታተመውን ባለ 15 አሃዝ የአይኤምኢአይ (IMEI) ቁጥር፣ ማለትም የስልኩን መለያ ቁጥር ነው። መርማሪው ስልኩ ላይ *#06# ሲነካ ያው ቁጥር ከወጣ ክርክሩ አለቀ።

አውቶቡሱን ይተዉት። አስረክበው ደረሰኝ የተቀበሉበት ሻንጣ ቢጠፋ ሌላ ነገር ነበር፤ ጭንዎ ላይ ያለ ስልክ ግን በራስዎ ጥበቃ ሥር ነው። ረዳቱ አለመቆሙ ነውር ቢሆንም ካሳ አያስገኝልዎትም።

ደብዳቤዎ ሲም ካርድዎን ስለማዘጋትዎ ምንም አይልም። መስመሩ በስምዎ ነው፤ ሌባው በእርስዎ ቁጥር «መንገድ ላይ ተቸግሬ ነው፣ ትንሽ ብር ላክልኝ» እያለ ወዳጆችዎን ቢያታልል ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠራው እርስዎን ነው። እስካሁን ካላዘጉት ዛሬውኑ 994 ደውለው ያዘጉ፤ ለቴሌብሩ ደግሞ 127። የደወሉበትን ሰዓት ማስታወሻዎ ላይ ይጻፉት፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ በቁጥርዎ ለተደረገ ነገር መከላከያዎ እሷ ናት።