ሁለት ቱቦ ወይስ ሦስት? ለዘጠኝ ሰው የሚሆን ፖንቱን ጀልባ

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆቻችንና እናቴ አለን፤ ቅዳሜና እሁድ እህቴ ከባሏና ከልጇ ጋር ስትመጣ ዘጠኝ እንሆናለን። ሌክ አና በሚባለው ሐይቅ ላይ የምንዝናናበት ፖንቱን ጀልባ (በአልሙኒየም ቱቦዎች ላይ የሚንሳፈፍ ጠፍጣፋ ጀልባ) ፈልገን ሁለት ያገለገሉ አይተናል። አንደኛው የ2014፣ ባለ 22 ጫማ፣ ሁለት ባለ 23 ኢንች ቱቦ፣ ሞተሩ 60 ፈረስ ጉልበት፣ ዋጋው 16,500 ዶላር። ሁለተኛው የ2019፣ ባለ 23 ጫማ፣ ሦስት ባለ 25 ኢንች ቱቦ፣ 150 ፈረስ ጉልበት፣ 34,000 ዶላር። ሁለቱም ከነትሬለራቸው ናቸው። መኪናችን 5,000 ፓውንድ የምትጎትት ቶዮታ ሃይላንደር ናት። ልጆቹ በተነፋ ጎማ መጎተት ይወዳሉ፤ እናቴን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። የትኛውን እንግዛ?

መልስ፦ ዘጠኝ ሆናችሁ የምትወጡና ልጆች የምትጎትቱ ከሆነ የሚያዋጣችሁ ባለ ሦስት ቱቦው ነው። ነገር ግን በሃይላንደር እየጎተትኩ ልመላለስ ካሉ አይግዙት። ሐይቁ ዳር ማቆሚያ ተከራይተው ወቅቱን ሙሉ እዚያው ካላቆሙት በቀር አይሆንዎትም። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው።

አንድ ቱቦ የሚሸከመውን ክብደት ለማወቅ ውፍረቱና ርዝመቱ ይበቃል። ባለ 23 ኢንች ቱቦ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ቢገባ በእያንዳንዱ ጫማ ርዝመቱ ወደ 180 ፓውንድ ይችላል፤ ባለ 25 ኢንቹ ወደ 213 ፓውንድ። ሁለት ኢንች ለዓይን ትንሽ ናት፤ ሚዛን ላይ ስትወጣ ግን ሌላ ነገር ናት። የፊቱን ሹል ቀንሰን የመጀመሪያውን ጀልባ ቱቦ 20 ጫማ ብንለው፣ ሁለቱ አንድ ላይ 7,200 ፓውንድ ይሸከማሉ። ቱቦ ግን ከግማሹ በላይ ባይሰምጥ ነው የሚሻለው። ከዚያ ካለፈ ጀልባው ይከብዳል፣ ሞገድ ወለሉ ላይ ይወጣል፣ ቤንዚንም ይጠጣል። ስለዚህ በእጃችን ያለው 3,600 ነው። ከዚህ ላይ ጀልባው ራሱ 2,000 ገደማ፣ ሞተሩ 260፣ 25 ጋሎን ቤንዚን 150፣ ባትሪ፣ መልሕቅ፣ ላይፍ ጃኬትና በበረዶ የተሞላ ሳጥን 250 ይወስዳሉ። የሚተርፈው 940 ፓውንድ ነው። አምስት አዋቂ በ170፣ አራት ልጅ በ70 ስናስብ እናንተ 1,130 ናችሁ። ጀልባው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ 10 ሰው ይላል ይሆናል፤ ሰሌዳው የሚናገረው ከዚህ በላይ አትጫን የሚባለውን ነው እንጂ ለቀን ውሎ የሚመቸውን አይደለም።

ሁለተኛውን በዚያው መንገድ ብናሰላው፣ ሦስት ቱቦ በ21 ጫማ 13,400 ፓውንድ ይችላል፤ ግማሹ 6,700 ነው። ጀልባው፣ ሞተሩ፣ 40 ጋሎን ቤንዚንና ዕቃው አንድ ላይ 3,750 ገደማ ቢወስዱ 2,950 ይተርፋል። ዘጠኝ ሰው አይከብደውም።

ይህ ልዩነት በተለይ ሌክ አና ላይ ይታያል። በበጋ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የትላልቅ ጀልባዎች ሞገድ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ሙሉ የተጫነ ባለ ሁለት ቱቦ ጀልባ እንዲህ ያለ ሞገድ ሲገጥመው፣ ነጂው ደንግጦ ነዳጁን ባንዴ ከቀነሰ አፍንጫው ይደፋና ውሃው በፊተኛው በር ስር ወደ ወለሉ ይገባል። ሰው ሁሉ ከፊት ተሰብስቦ ከሆነ ይብሳል። ሲዞርም ባለ ሁለት ቱቦው ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ ሦስት ቱቦ ያለውና ከቱቦዎቹ ጎን ማንሻ ክንፍ የተበየደለት ግን እንደ ሞተር ብስክሌት ወደ ውስጥ ያጋድላል። ለእናትዎ ወገብና ጉልበት ይሄኛው ይሻላል። (ሐይቁ ሁለት ክፍል እንዳለው አይዘንጉ። ከኑክሌር ኃይል ማመንጫው የሚወጣውን ውሃ የሚቀበለው ሞቃቱ ክፍል የግል ነው፤ የሕዝብ ጀልባ ማውረጃ የለውም። እርስዎ የሚወርዱት በቀዝቃዛው በኩል ነው።)

አሁን ወደ መኪናው። የመጀመሪያው ጀልባ ከነሞተሩ፣ ከነቤንዚኑና 900 ፓውንድ ከሚሆን ትሬለሩ ጋር 3,400 ገደማ ነው። ሃይላንደር ያለ ችግር ይጎትተዋል። ሁለተኛው 1,400 ፓውንድ ከሚሆን ባለ ሁለት አክስል ትሬለር ጋር 5,000 ይሞላል፤ ያውም ሳጥኑ፣ ምግቡና ልብሱ ሳይጫን። መጎተት ይችላል ብለው እንዳይሸወዱ፤ መሳቡ ሳይሆን በቁልቁለት ማቆሙ ነው ጣጣው፣ እርጥብ ራምፕ (የጀልባ ማውረጃ ተዳፋት) ላይ ወደ ላይ ማውጣቱም እንዲሁ። ደግሞም መኪናው ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ከአቅሟ ላይ ይቀነሳል። በግምቴ አይመሩ፤ ጀልባውን ከነትሬለሩ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ አውጥተው ያስመዝኑት። ከጠቅላላው ክብደት 10 በመቶ ያህሉ መኪናው የመጎተቻ ኳስ ላይ ማረፍ አለበት፤ ካነሰ ትሬለሩ አውራ ጎዳና ላይ ጭራውን ይወዘውዛል።

ስለ ሞተሩ። 60 ፈረስ ጉልበት ዘጠኝ ሰው ይዞ መንሸራሸር ይችላል፤ ልጅ በጎማ መጎተት ግን ያቅተዋል። አንድ ቀላል ልጅ፣ ሁለት አዋቂ ብቻ ተሳፍረው ሲሆን ምናልባት ይሆናል። 150ው ይህን ጉዳይ ይዘጋዋል፤ በምላሹ ቤንዚን ያስከፍላል። ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ በሰዓት የሚያቃጥለው ጋሎን የፈረስ ጉልበቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ 60ው 6፣ 150ው 15 ጋሎን። ረጋ ብለው ሲሄዱ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

የሙከራ ጉዞውን ከሻጩ ጋር ሁለት ሆነው አይሂዱ። የሚጭኑትን ያህል ሰው ይጫኑና ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ዙር መቁጠሪያው ሰዓት ላይ ያንብቡ። በሞተሩ መመሪያ ላይ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ መድረስ ያለበት ዙር ተጽፏል፤ ለምሳሌ ከ5,500 እስከ 6,000። እርስዎ 5,100 ካገኙ ሞተሩ ታሟል ማለት ላይሆን ይችላል፤ ፕሮፔለሩ ለዚያ ጭነት ፒቹ (በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት) በዝቶበታል። ፒቹ በ1 ኢንች ሲቀንስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ሳይስተካከል ዓመት ከተነዳ ግን ሞተሩ ሁልጊዜ ዳገት እንደሚወጣ መኪና ስለሚለፋ ዕድሜው ያጥራል።

ከመክፈልዎ በፊት ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚሰጡት ለቱቦዎቹ ይሁን። ሻጩ ጀልባውን ዋዜማውን ውሃ ላይ አውርዶ እንዲያሳድረው ይጠይቁት። ጠዋት ማንም ሳይሳፈር ከወለሉ ጠርዝ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን በሜትር ይለኩ። የነጂው ወንበር፣ ባትሪውና የነዳጅ ታንኩ ያለበት ጎን ትንሽ ቢወርድ ያለ ነው፤ ከ2 ኢንች በላይ ካዘነበለ ግን ቱቦው ውስጥ ውሃ አለ ብለው ይጠርጥሩ። 20 ጋሎን ውሃ ማለት ያልጋበዙት አንድ ወፍራም እንግዳ ማለት ነው። ከዚያ ትሬለር ላይ ወጥቶ ቱቦው ከኋላ ማፍሰሻ ቡሽ ካለው ይፍቱት፤ ጠብታ ሳይሆን ወንዝ ከወረደ ብየዳው የሆነ ቦታ ከፍቷል። ማፍሰሻ የሌለው ወይም ውስጡ በክፍል በክፍል የተዘጋ ቱቦ ከሆነ ባለሙያ ከ2 እስከ 3 ፒኤስአይ ብቻ አየር ሞልቶ በሳሙና አረፋ ይፈትሸዋል። የጎማ ቤት መንፊያ ሰክተው ዝም ብለው እንዳይነፉ፤ ቱቦው ሊያብጥ፣ ብየዳውም ሊቀደድ ይችላል።

ወለሉ ኮምፔንሳቶ ነው። በኋለኛው በርና በነጂው ወንበር ዙሪያ ተረከዝዎን ጫን እያደረጉ ይራመዱ፤ እንደ ስፖንጅ የሚል ቦታ ካለ በስብሷል። ሞተሩ የተሰቀለበት የአልሙኒየም ሳጥን ከወለሉ ጋር የሚገናኝበትን ብየዳ በባትሪ መብራት ይዩ፤ ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። የታችኛውን የማርሽ ዘይት በትንሹ ያስፈስሱ፤ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ፓራኦሊዮው (ዘይቱን የሚዘጋው ጎማ) ውሃ እያስገባ ነው። የኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ውስጥ ግፊት) ልኬት ሲወሰድ ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ከ10 በመቶ በላይ መራራቅ የለባቸውም።

ሁለተኛውን ገዝተው ውሃ ላይ የሚያቆሙት ከሆነ ቱቦው አረንጓዴ ሽፋን ማብቀሉ አይቀርም። መዳብ ያለበት የጀልባ ቀለም አልሙኒየሙን ይበላዋልና እንዳያስቀቡ፤ ለአልሙኒየም የተሠራ ይጠይቁ። ለዝገት መከላከያ የሚሰቀለው ብረትም ለጨው አልባ ውሃ ማግኒዝየም ይሁን።

እናትዎ የሚገቡበት በር ስፋትና ከመሳፈሪያው ጋር ያለው ከፍታ ልዩነት ሳይለካ ውሉን አይፈርሙ፤ አንዱ ጀልባ ላይ በጎን በር በምቾት የሚገባ ሰው ሌላው ላይ መሰላል ሊያስፈልገው ይችላል። ልጆች ጀልባው እየሄደ ከፊተኛው በር ውጭ እግራቸውን አንጠልጥለው ፈጽሞ አይቀመጡ። ከዚያ የወደቀ ልጅ በሁለት ቱቦዎች መካከል አልፎ ቀጥታ ፕሮፔለሩ ላይ ነው የሚደርሰው። የሞተር ማጥፊያውን ገመድ ነጂው አንጓው ላይ ያስር፤ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በልኩ ላይፍ ጃኬት ይኑር፤ ዋና የማይችል አዋቂም እንደ ልጆቹ ለብሶት ይዋል። ነጂው ቨርጂኒያ የምትጠይቀውን የጀልባ ደኅንነት ትምህርት መጨረስ አለበት። ጀበናውን ቤት ይተዉት፤ ቡናው በፔርሙስ ይምጣ። የቤንዚን ታንክ ባለበት ወለል ላይ ከሰልና ዕጣን የሚጨስበት ምንም ምክንያት የለም።

የማቆሚያ ቦታ ካላገኙ ወይም ወጪው ከከበደዎ፣ ወደ መጀመሪያው ጀልባ አይመለሱ፤ ሌላ ይፈልጉ። ባለ 22 ጫማ፣ ሁለት ባለ 25 ኢንች ቱቦ፣ 115 ፈረስ ጉልበት ያለው። በዚያው ስሌት ግማሹ 4,250 ፓውንድ ይሆናል፤ ጀልባው፣ ሞተሩ፣ ቤንዚኑና ዕቃው 2,860 ገደማ ሲወስዱ ለእናንተ 1,390 ይተርፋል። ከነትሬለሩ 3,700 አይሞላም፤ ፍሬን ያለው ትሬለር ከሆነ ሃይላንደሯ ትችለዋለች። ልጆቹንም አንድ በአንድ ይጎትታል።