ጅብ የማን ዘመድ ነው? ወፍ ያልሆነችው ወፍስ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም "ጉማሬ ከአሳማ ይልቅ ለዓሣ ነባሪ ይቀርባል" ብዬ በአንድ መስመር ጣል አድርጌ አልፌ ነበር፣ ያቺ አንድ መስመር ጉድ አመጣችብኝ። ግማሻችሁ "ቀልድ ነው?" ብላችኋል፣ ግማሻችሁ ደሞ ቤት ውስጥ የተነሳ ክርክር ይዛችሁ መጥታችኋል። ቀልድ አይደለም፣ የእውነት ዘመዶች ናቸው፣ የጋራ አያታቸው የኖረው የዛሬ 55 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው። እና ዛሬ ሌላውን ሁሉ አቆይቼ የእንስሳቱን ጥያቄ ብቻ ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ ልጄ 4ኛ ክፍል ናት። ፈተና ላይ "ወፍ ያልሆነው የቱ ነው?" ሲባል የሌሊት ወፍ ብላ መለሰች፣ አስተማሪዋ ኤክስ አደረገባትና "ስሟ ራሱ ወፍ ይላል እኮ" አላት። ልጅቷ አኩርፋለች፣ እኔም ግራ ገብቶኛል። (አንድ አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ናት፣ ማርኳ ይመለስላት። የሌሊት ወፍ ትወልዳለች፣ ታጠባለች፣ ፀጉርና ጥርስ አላት፣ ላባ የሚባል ነገር የላትም፣ እንቁላልም አትጥልም። ክንፏን ቀረብ ብለው ቢያዩት የገዛ እጇ ነው፣ ጣቶቿ ከልክ በላይ ረዝመው በመሀላቸው ስስ ቆዳ የተወጠረ። በዓለም ላይ ከ1,400 በላይ የሌሊት ወፍ ዓይነት አለ፣ ከአጥቢ እንስሳት ዝርያ አምስት ቢቆጠር አንዱ የሌሊት ወፍ ነው ማለት ይቻላል።

ተረቱን ያውቁት ይሆናል፣ ወፎች ግብር አምጪ ሲሏት "ጥርሴን አታዩም፣ እኔ አውሬ ነኝ" ትላለች፣ አውሬዎቹ ሲመጡባት ደሞ "ክንፌን አታዩም፣ እኔ ወፍ ነኝ"። ምርጥ ተረት ነው፣ ግን ተረቱ ራሱ የወለደው ሌላ ስህተት አለ፣ ብዙ ሰው ወፍ አይደለችም ሲባል ወዲያው "ታዲያ ክንፍ ያላት አይጥ ናታ" ይላል። አይጥም አይደለችም። የሌሊት ወፍ በዘር ስትቆጠር ለውሻ፣ ለላምና ለፈረስ ነው የምትቀርበው። አይጥ ደሞ (ይሄን ሳነብ እኔም ደንግጬ ነበር) ከሌሊት ወፍ ይልቅ ለእኛ ለሰዎች ትቀርባለች።

ጥያቄ፦ ሐረር ሄደን ማታ ጅብ ሲመገብ አየን፣ ከዛ ሆቴል ስንመለስ እኔና ጓደኛዬ ጭቅጭቅ። እሱ የውሻ ዘር ነው ይላል፣ እኔ ደሞ አይ ጅብ ራሱን የቻለ ነው። ቢራ ተወራርደናል። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቢራው ያንተ ነው፣ ግን "ራሱን የቻለ" ማለት ዘመድ የለውም ማለት እንዳይመስልህ።

ሥጋ በል አጥቢዎች ከጥንት ጀምሮ ለሁለት ትልልቅ ቤት ተከፍለዋል። አንዱ የውሻ ወገን ነው፣ ተኩላው፣ ቀበሮው፣ ድቡ፣ "ሲል" የሚባለው የባሕር እንስሳ ሳይቀር እዛ ነው። ሌላው የድመት ወገን ነው፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ጥርኝ፣ ፋሮ፣ እና ጅብ። አዎ ጅብ። ድመት ነው እያልኩህ አይደለም፣ የራሱ ቤተሰብ አለው፣ ግን ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል፣ በጣም የሚቀርበው ደሞ እባብ የሚገድለው ፋሮ ነው።

ታዲያ ለምን ውሻ መሰለ ካልክ፣ ኑሮው ነው ያመሳሰለው። ረጅም መንገድ ሮጦ አሳዶ የሚበላ አውሬ እግሩ ይረዝማል፣ ጥፍሩ ወደ ውስጥ አይገባም፣ አፉ ይሾላል፣ ውሻም ጅብም ለየብቻቸው ነው እዚህ የደረሱት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። አገር ቤት ሰው ሊጋባ ሲል ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ይቆጥራሉ አይደል፣ ማንም "ልጁና ልጅቷ መልካቸው ይመሳሰላል ወይ" ብሎ አይጠይቅም፣ አያት ቅድመ አያት ምንጅላት እያሉ ወደላይ ነው የሚወጡት። የእንስሳት አመዳደብም ልክ እንደዛ ነው፣ መልክ ሊያታልል ይችላል፣ የሚቆጠረው ቤቱ ነው። ድሮ በአጥንትና በጥርስ ነበር የሚቆጠረው አሁን በዲኤንኤ ጭምር ይቆጠራል፣ በዚህ ምክንያት ብዙ "ዘመዳሞች" ባዳ ሆነው ተገኝተዋል፣ ባዳ የመሰሉትም ዘመድ።

በነገራችን ላይ የጅብ ዝርያ በዓለም 4 ብቻ ነው። አራተኛው ትንሽዬ ናት፣ ሥጋ ላይ ብዙም የላትም፣ ምስጥ እየላሰች ነው የምትኖረው፣ እኛም አገር አለች። ሌላ ሁሌ የሚጠየቅ ነገር ልጨምር፣ "ጅብ አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ይሆናል" የሚባለው ውሸት ነው፣ አርስቶትል እንኳን በዘመኑ ልክ አይደለም ብሎ ጽፎበታል። ወሬው የመጣው የዥጉርጉሩ ጅብ ሴቷ የወንድ የሚመስል ብልት ስላላት ነው፣ በእሱው ነው የምትወልደው፣ ይብስ ብሎ በአካልም ከወንዱ ትበልጣለች፣ በመንጋው ውስጥ አዛዧም እሷ ናት። ሰው ሁለቱንም "ወንድ" እያየ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ጥያቄ፦ ልጆቼ ዶክመንተሪ እያዩ "ኢትዮጵያን ዉልፍ" ሲል ሰምተው "ማሚ ዉልፍ ነው" አሉኝ። እኔ ደሞ ቀይ ቀበሮ ነው፣ ባሌ ተራራ ላይ ነው ያለው ብያቸው ተጣላን። ፈረንጅ ነው ስሙን የቀየረብን? (አንዲት እናት፣ ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ እህቴ ሁለታችሁም አልተሳሳታችሁም። ፈረንጆቹ ራሳቸው ለረጅም ጊዜ "የሰሜን ቀበሮ" ነበር የሚሉት። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) አገራችን መጥቶ ለሳይንስ ካስተዋወቃቸው እንስሳት አንዱ ነው፣ የሳይንስ ስሙም የሰሜን ተራሮችን ይዞ ካኒስ ሲሜንሲስ ነው የሚባለው። ቀላ ያለ ቀጭን አፉ የሾለ እንስሳ ስለሆነ ቀበሮ ቢባል አይገርምም። ግን በ1994 የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ሲያየው ከሌሎቹ የአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለተኩላ (ፈረንጆቹ ዉልፍ ለሚሉት) ነው የሚቀርበው። ከዛ ነው ዉልፍ የሚለው የበረታው።

አፉ ለምን ቀጭን ሆነ ካሉ ምግቡ ነው፣ አይጥና ፍልፈል ነው የሚበላው፣ ጉድጓድ አፍ ላይ አድፍጦ ቀጨም። እንደ ሌላው ተኩላ በመንጋ ሆኖ ትልቅ እንስሳ መጣል ላይ የለበትም፣ በመንጋ ይኖራል ግን ሲያድን ለብቻው ነው።

ይሄ ደሞ የስም ጨዋታ ብቻ እንዳይመስልዎት። የተኩላ ወገን ስለሆነ ከእረኛ ውሻ ጋር ሊዳቀል ይችላል፣ ባሌ ላይ ክልስ ተገኝቷል፣ እውነተኛ ቀበሮ ቢሆን ኖሮ ከውሻ ጋር አይዳቀልም ነበር። ከዛ በላይ የከፋው የውሻ በሽታ ነው፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በብዛት ጨርሷቸዋል። በጠቅላላው የቀሩት 500 አካባቢ አዋቂዎች ናቸው፣ ከግማሽ በላይ ባሌ፣ ቀሪዎቹ ሰሜን፣ ጓሳ፣ አርሲና ሌሎች ደጋዎች ላይ። ስለዚህ እዛ ተራራ ላይ የገበሬ ውሻ መከተብ ማለት ቀይ ቀበሮ ማዳን ማለት ነው።

ስሙን እንቀይር ለሚሉኝ ግን እኔ አልስማማም። እኛ ተኩላ የምንለው ብዙ ቦታ ዥጉርጉሩን የዱር ውሻ ነው፣ አሁን ቀይ ቀበሮን ተኩላ ብንለው ሌላ ድብልቅልቅ ነው የሚፈጠረው። ለልጆችዎ ቀይ ቀበሮ የሚባል ተኩላ ነው ይበሏቸው፣ ይገባቸዋል፣ የሌሊት ወፍ የምትባል አጥቢ ካለች ይሄ ምን ይገርማል።

ጥያቄ፦ ሰራተኛ ነኝ፣ የቤቱ ልጆች ሳይንስ ሲያጠኑ እሰማለሁ። "ዶሮ እንስሳ ነው፣ ዝንብ እንስሳ ነው፣ ሰውም እንስሳ ነው" ይላሉ። ይሄ ነገር እንዴት ነው? (ከዱባይ)

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሁሉም የወደድኩት ይሄን ነው። ችግሩ ያለው አማርኛው ላይ ነው። እኛ እንስሳ ስንል ከብቱ፣ በጉ፣ አህያው ነው፣ ማለትም ቤት ያለው። ጫካ ያለው አውሬ ነው፣ የሚበረው ወፍ ነው፣ ትንንሹ ደሞ ነፍሳት። በድሮው አከፋፈል እንስሳት፣ አራዊት፣ አእዋፍ ተብሎ ነው የሚነበበው፣ ለኑሮ በጣም የሚመች አከፋፈል ነው፣ የትኛው በረት ይገባል የትኛው ይበላሃል የሚለውን ይመልስልሻል። የሳይንስ መጽሐፍ ያችኑ ቃል ወስዶ አሰፋት። እዛ ላይ እንስሳ ማለት የራሱን ምግብ እንደ ተክል የማይሠራ፣ ሌላ ሕይወት ያለው ነገር በልቶ የሚኖር፣ አካሉ ከብዙ ሴል የተሠራ (እንጉዳይ ግን ለብቻ ነው)። በዚህ ሚዛን ዶሮዋም ዝንቡም ዓሣውም የሆድ ትሉም ይገባሉ። ሰውም በአካሉ። ነፍሱን በተመለከተ ባዮሎጂ የሚለው ነገር የለም፣ ስለዚህ ከእምነትሽ ጋር የሚያጣላሽ ነገር አይታየኝም። ስድብ እንዳይመስልሽ ብቻ።

አሁን አጫጭሮቹን ቶሎ ቶሎ።

"ሽኮኮ የአይጥ ዘር ነው አይደል?" (ከደሴ) አይደለም፣ የዝሆን ዘመድ ነው። ሳቁ ግን እውነት ነው። አይጥ በሦስት ሳምንት አካባቢ ትወልዳለች፣ የድንጋይ ሽኮኮ ግን ጥንቸል የምታክል ሆና ከ7 ወር በላይ ታረግዛለች፣ ይሄ የትልቅ እንስሳ ጠባይ ነው። ጥፍሯም ሰኮና ነው የሚመስለው።

"አዞ ትልቅ አርጃኖ ነው?" (ከአርባ ምንጭ) ይመስላል፣ ግን አዞ ከአርጃኖም ከእንሽላሊትም ይልቅ ለዶሮ ይቀርባል። ልቡ እንደ ዶሮ አራት ክፍል ነው፣ የአርጃኖው ግን ሦስት። ጫሞ ዳር ላሉት አዞዎች ይሄን ንገራቸው።

"ሸረሪት ነፍሳት ናት?" (ሦስት ሰው ጠይቋል) አይደለችም። ነፍሳት እግራቸው 6 ነው፣ የሸረሪት 8። ጊንጥና መዥገር የእሷ ወገን ናቸው። መቶ እግር ደሞ ከሁለቱም አይደለም፣ እና ልክ 100 እግር ያለው የለም ብትሉ አትሳሳቱም፣ ያደገ መቶ እግር የእግሩ ጥንድ ለሁለት የማይካፈል ቁጥር ነው፣ 100 ለመሙላት ደሞ 50 ጥንድ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ከደብረ ብርሃን ነው፣ አንድ አባት ናቸው። "በቅሎ ይሄን ያህል ዘመን ከኛ ጋር ኖራ ለምን ራሷን የቻለች ዝርያ አልተባለችም?" ይላሉ።

አባቴ፣ ዝርያ ለመባል ከራስ ዓይነት ጋር ተዋልዶ ትውልድ መቀጠል አለ፣ በቅሎ ከበቅሎ አትወለድም። ፈረስ 64 ክሮሞዞም (በሴል ውስጥ ዘር የሚተላለፍበት ክር) አለው፣ አህያ 62፣ በቅሎ መሀል ላይ 63 ይዛ ቀረች፣ 63 ደሞ እኩል ለሁለት አይከፈልም፣ ስለዚህ ዘሯን ለማስተላለፍ ሲደረስ ነገሩ ይበላሻል። በጣም በጣም አልፎ አልፎ የወለደች በቅሎ ተመዝግባለች፣ ግን ዘር የሚያቆም አይደለም። እንግዲህ ያቺ "አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች" እያልን የምንስቅባት በቅሎ አልዋሸችም፣ እናቷ ባዝራ ስለሆነች ፈረስ በእናቷ በኩል አጎቷ ነው። አባቷን ነው ያልጠራችው።