የታዋቂ ሰው አሻንጉሊትን ወደ አክሽን ፊገር ለመለወጥ ለምትነሱ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ዘመድ ከውጭ የላከላችሁን ወይም ከመርካቶ ያገኛችሁትን የታዋቂ ሰው አሻንጉሊት ወደ አክሽን ፊገር፣ ማለትም መገጣጠሚያዎቹ እየታጠፉ በተለያየ አቋም ወደሚቆም የሰው ቅርጽ፣ ለመለወጥ ስትነሱ፣ ብዙዎቻችሁ እጃችሁን አስቀድማችሁ የምትሰዱት ወደ ፊቱ ነው። እኔ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ የኖርሁ ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ በሰም፣ በጀሶና በአክሪሊክ የሰውን መልክ ወደ ቦታው መመለስ ስለ ነበር፣ ጡረታ ወጥቼ ሱሉልታ ከተቀመጥሁ በኋላም የሠፈር ልጆች የሚያመጡልኝን አሻንጉሊት የማየው በዚያው ዓይን ነው። ሰው ራሱን የሚመስለው በቁመቱ፣ በአቋሙና በአካሄዱ ጭምር ስለ ሆነ፣ ምዘናችሁን ከአካሉ እንድትጀምሩ እመክራችኋለሁ።

የታዋቂ ሰዎች አሻንጉሊት በአብዛኛው የሚሠራው አዲስ ጭንቅላት ለሌሎች አሻንጉሊቶችም በሚያገለግል አካል ላይ ተገጥሞ ነው። ፋብሪካው የደከመው ፊቱ ላይ ነው፤ ቀሪው የጋራ ነው። ሜጎ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 መሐመድ አሊን ሲያወጣ ቡጢ እንዲሰነዝር ማድረጉ የሚመሰገነው ለዚህ ነው፤ አሊን ያለ እጁ እንቅስቃሴ ማሰብ አይቻልምና።

እስቲ የራሳችንን ሯጮች እንውሰድ። አብዛኞቹ ትልልቅ ፊገሮች የሚሠሩት በአንድ ስድስተኛ ልክ፣ ማለትም የእውነተኛው ሰው ቁመት ለስድስት ተካፍሎ ነው። አበበ ቢቂላ 177 ሴንቲ ሜትር ይረዝም ስለ ነበር በዚህ ልክ 29.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 165 ሴንቲ ሜትር የሚረዝመው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደግሞ 27.5 ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት አካል ላይ የሠራ ሰው፣ ፊታቸውን የቱንም ያህል ቢያሳምር፣ ጎን ለጎን ሲያቆማቸው ስሕተቱ ወዲያው ይታየዋል። አበበን እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ እንደ ሮጠው በባዶ እግሩ ልሥራው የሚል ደግሞ ሌላ ፈተና ይገጥመዋል፤ የወታደር ፊገሮች እግር ብዙ ጊዜ ጫማው ራሱ ነው፤ የባርቢ ዓይነቶቹ ውስጥ ረጅም ተረከዝ ላለው ጫማ የተቀለሰው ይበዛል። ስለዚህ ተረከዙንና ጣቶቹን ተለውሶ በሚጠነክር ኢፖክሲ እንደ አዲስ መቅረጽ ይኖርበታል።

መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አጥፉና ዘርጉ። የባርቢ አምራች የሆነው ማቴል እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣት ተጣጣፊ ባርቢ 22 መገጣጠሚያዎች አሏት፤ ተራዋ ግን ክርኗን እንኳ አታጥፍም። እዚህ ሱሉልታ ማለዳ በአስፋልቱ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ሯጭ ክርኑን ከቀጥተኛ ማዕዘን በላይ አጥፎ እንደሚሮጥ ያስተውላል፤ ፊገራችሁ ያን ያህል ካልታጠፈ፣ ልብሱን ብታለብሱት የሚራመድ ሰው ይመስላል እንጂ ሯጭ አይሆንም። እንዲህ ያለ አካል ሲገጥማችሁ ጊዜያችሁን በመጋዝና በማስቲሽ አታባክኑ፤ ጭንቅላቱን አውልቃችሁ ርካሽ በሆነ ሌላ ተጣጣፊ አካል ላይ ግጠሙት።

ማጅራቱ ወይም ወገቡ ላይ የታተመው ዓመት አያታልላችሁ። ያ ቁጥር የቅርጹ የባለቤትነት መብት የተያዘበትን ዓመት እንጂ አሻንጉሊቱ የተመረተበትን ጊዜ አያመለክትም፤ 1966 የሚል ማኅተም ያለባቸው የባርቢ አካላት ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ተመርተዋል። ፕላስቲኩ ሲዳሰስ የሚጣበቅ ከሆነም ለማለስለሻ የተጨመረበት ኬሚካል ወደ ላይ እየወጣ ነውና ቀለም በቅጡ አይይዝላችሁም። ሳጥኑ ያልተከፈተ፣ ሰብሳቢዎች የሚፈልጉት ዕቃ ከሆነ ደግሞ እንዳለ ተዉት።

ጭንቅላቱን ለማውለቅ ሙቅ ውኃ ይበቃል። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጭንቅላቱ የተሠራበትን ቪኒል የተባለ ፕላስቲክ ለማለስለስ ግን አያንስም። እስኪለሰልስ ታገሡ፤ በጉልበት የሳበ ሰው የአንገቱን መያዣ ይሰብራል።

ከሁሉ የሚከብደው የቆዳ ቀለም ነው፤ በዚህ ላይ መታገሥን ከምንም በላይ እለምናችኋለሁ። ጭንቅላቱ ከለስላሳ ቪኒል፣ አካሉ ከደረቅ ፕላስቲክ ስለሚሠራ አንድ ዓይነት ቡናማ የመሰሉት በመስኮት ብርሃን ሲታዩ ይለያያሉ። የእኛ ቆዳ ቀይም፣ ቢጫም፣ አልፎ አልፎ ሰማያዊ ጥላም አለበት፤ እኔም ድድ በምቀባበት ዘመን አንድ ቀለም ብቻውን ሕይወት እንደማይሰጥ አይቻለሁ። መላ አካሉን ብትቀቡት መገጣጠሚያው ላይ ይፋቃል፤ ስለዚህ ቀለሙ የሚቀርብ አካል ፈልጉና ልዩነቱን አንገቱና መዳፉ ላይ በስሱ አቀራርቡ። የግድ የሚቀባ ከሆነ ግን መገጣጠሚያውን አስቀድማችሁ በብርጭቆ ወረቀት፣ ውኃ እያስነካችሁ፣ ለቀለሙ ቦታ እንዲኖረው ጥቂት ሞርዱት።

የፋብሪካውን የፊት ቀለም አሴቶን (የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው ፈሳሽ) ያነሣዋል፤ ደረቁን ፕላስቲክ ግን ያቀልጠዋልና ጭንቅላቱን ሳትነጥሉ አትጠቀሙበት፤ ከሰል በተያያዘበት ክፍል ውስጥም ፈጽሞ አትክፈቱት፣ ትነቱ እሳት ይስባል። ቀጥሎ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ንፉበት፤ በላዩ ላይ በፓስቴል (ጠመኔ መሰል ቀለም) ዱቄትና በቀጠነ አክሪሊክ ቀለም፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ሳትደርቡ ሥሩ። በክረምት እርጥበት የተነፋ ቫርኒሽ ነጭ ጉም ያለብሳልና ሐምሌንና ነሐሴን ለአካሉ ሥራ አውሉት፤ ፊቱን ከጥቅምት በኋላ ሥሩ፣ የበጋው ነፋስ አቧራ እንዳያለብሰውም እስኪደርቅ ሳጥን ድፉበት።

ልብሱን በተመለከተ ስስ ጨርቅ ምረጡ፤ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ለዚህ ልክ ከወፍራም ጨርቅ ይልቅ በወጉ ይወድቃል።

ያወለቃችሁትን የፋብሪካ አካል አትጣሉ። በልብሱ ሥር በማይታይ ቦታ ስማችሁንና የሠራችሁበትን ዓመት ጻፉ፤ ለመሸጥ ስታስቡም የተለወጠ መሆኑን ለገዢው በግልጽ ነግራችሁ የቀድሞውን አካልና ሳጥኑን አብራችሁ አስረክቡት።