ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አንድ ቀን ሲዘለል የሚፈርስ ጨዋታ

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ ፒያሳ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምውለው። ደም ግፊቴ 138/88 ሆኖ «እንቅስቃሴ አድርግ» ተባልኩ። እንዳይሰለቸኝ የራሴን ጨዋታ ፈጠርኩ፦ 10,000 እርምጃ ስሞላ አንድ ነጥብ፣ ጠዋት ስመዘን ኪሎ ከጨመርኩ ቅናሽ፣ አንድ ቀን ከዘለልኩ ከዜሮ። ዝናብና ለቅሶ ተከታትለው ሲያስቀሩኝ ግን ተውኩት። ስንፍና ይሆን?

መልስ፦ ስንፍና አይደለም፤ ሕጉ ከብዶዎት ነው። ጨዋታውን አይተዉት፣ እናስተካክለው።

ኪሎን ከነጥቡ ያውጡ። ክብደት በውሃና በጨው ብቻ ከቀን ቀን አንድ ሁለት ኪሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ማታ ጨው የበዛበት ወጥ ከበሉ ጠዋት ሚዛኑ ያለ ጥፋትዎ ይቀጣዎታል። ነጥብ የሚገባው በእጅዎ ላለ ነገር፣ ለተራመዱት ደቂቃ ነው። 10,000ውም ቢሆን ከሕክምና የመጣ ቁጥር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከወጣ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም የተወሰደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው።

ስለዚህ 30 ፍሬ ሽምብራ በአንድ ስኒ ያድርጉ፤ ከጎኑ ባዶ ስኒ ያስቀምጡ። 5 ደቂቃ ፈጠን ብለው በተራመዱ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ባዶው ይሻገራል፤ 30ው ሲያልቅ 150 ደቂቃ ሞላ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ግን በ15 ፍሬ ይጀምሩ፣ በየሳምንቱ 5 እየጨመሩ በአራተኛው 30 ይደርሳሉ። እሑድ ማታ የቀረው ቀረ፤ ዕዳ ሆኖ ወደ ሰኞ አይተላለፍም። ጨዋታውን የምታቆየው ይህች ሕግ ናት፤ ለቅሶም ክረምትም መምጣታቸው አይቀርምና።

በቀን ከ8 ፍሬ በላይ አያሻግሩ። ሳምንቱን ተቀምጦ ከርሞ እሑድ ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሁሉንም ላካክስ የሚል ሰው ብዙ ነው። ያልለመደ ጉልበት በማግስቱ ያብጣል፤ ቀጣዩ ሳምንትም በዚያው ይባክናል።

ፍጥነቱ ልክ የሚሆነው መናገር እየቻሉ መዝፈን ሲያቅትዎት ነው። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር መውረዱ ቀላል ነው፤ መመለሻው ግን ዳገት ነው፣ አዲስ አበባም ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መጨረስ ካልቻሉ ቀስ ይበሉ፤ ፍሬው ያው ይቆጠራል። መንገዱ ሲሰለችዎት ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው ይቀይሩት፣ ቆጠራውን ግን አይንኩት።

ደም ግፊትዎን ነጥብ አይስጡት፤ በቀጠሮዎ ያስለኩት። ከመለካትዎ በፊት 30 ደቂቃ ቡናም ሲጋራም ይቅር፣ 5 ደቂቃ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው ይረፉ። ወደፊት መድኃኒት ቢታዘዝልዎም ፍሬው ሞላ ብለው አያቋርጡ። ሲራመዱ ደረትዎን ጨምድዶ ከያዘዎት ወይም ራስዎን ሊያስትዎት ከሆነ ወዲያው ይቁሙ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።