ፊልሙ ሮም ለሚታይለት ደብሊን ላለው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ጥያቄህን አይቼዋለሁ፦ አጭር ፊልምህ ሮም ለሚደረገው የአየርላንድ ፊልም ፌስቲቫል ተመርጧል፣ ፓስፖርትህ የኢትዮጵያ ነው፣ የምትኖረው ደብሊን ነው፣ «ራሴ ልሂድ ወይስ ፊልሙን ልኬ ልቀመጥ?» ነው ያልከው። ሂድ። ከላይ «ቪዛው አያዋጣም፣ ሊንኩን ላክላቸውና አርፈህ ተቀመጥ» ያሉህን አትስማቸው። እኔ እዚያው ፌስቲቫል ላይ አጭር ፊልሜን አሳይቼ መጥቻለሁ። መንገዱ ሰው ያማርራል፤ ግን ይቻላል።

መቼም እንደ አብዛኞቻችን ስታምፕ 4 (ያለ ሥራ ፈቃድ እዚህ ለመሥራት የሚያስችለው የመኖሪያ ፈቃድ) ላይ ነህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ስለዚህ ቪዛ ምንድን ነው እያልኩ አላደክምህም። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ እዚህ አሥር ዓመት ኖሮ የሚሳሳት ሰው አይቻለሁና። አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ሼንገን ውስጥ፣ ማለትም ጣሊያን ባለችበት በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው አገሮች ስብስብ ውስጥ፣ የለችም። አይአርፒ ካርድህ (የአየርላንድ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ) ሮም አያስገባህም። ለንደን የሚደረገው የአየርላንድ ፊልም ፌስቲቫል ቢጠራህም የእንግሊዝ ቪዛ ለብቻው ያስፈልግሃል። ቤልፋስት እንኳ፣ ሰሜን አየርላንድ የእንግሊዝ ስለሆነች፣ መንገድ ላይ የሚያስቆምህ ኬላ ባይኖርም፣ ሕጉ ያው ነው።

1ኛ፦ የግብዣ ደብዳቤውን ዛሬውኑ ጠይቅ። «ፊልምዎ ተመርጧል» የሚለው ኢሜይል ደብዳቤ አይባልም። ስምህ ፓስፖርትህ ላይ እንዳለው፣ ከነአያትህ፣ ፊደል ሳይዛነፍ ይጻፍ። የፓስፖርት ቁጥርህ ይኑርበት። ፌስቲቫሉ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ፊልምህ የሚታይበት ቀንና አዳራሽ፣ ሆቴሉን ማን እንደሚከፍል፣ የአውሮፕላኑን ማን እንደሚችል ቁልጭ ብሎ ይስፈር። በፌስቲቫሉ አርማ፣ በፊርማ፣ ከተቻለም በጣሊያንኛ ጭምር ይሁን። የፌስቲቫሉ ሰዎች ጨዋ ናቸው። ምን እንደምትፈልግ በዝርዝር ከጻፍክላቸው ይጽፉልሃል። ዝም ካልክ ግን «እንግዳችን ነው» የምትል ሁለት መስመር ትደርስሃለች።

2ኛ፦ የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይገባል። 15 ቀን ብቻ ሲቀረው ግን ረፍዷል። መልሱ በ15 ቀን ይሰጣል ተብሎ ተጽፏል፤ እስከ 45 ቀን ማቆየትም ይችላሉ። ክፍያው 90 ዩሮ ነው። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ፓስፖርትህ ከሼንገን ከምትወጣበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ይቅረው። ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አሳድስ፤ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

3ኛ፦ ቢሮው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የቪዛ ፋይል የሚቀበለውን ቢሮ ስም አልጠራም። እኔ የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፣ ኬረር (ተንከባካቢ) ነኝ፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት። በቀጠሮዬ ቀን ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ነው የሄድኩት፤ ዩኒፎርሜን ከካፖርት ሥር እንደለበስኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ልጅ ወጣት ነው። በእጁ ቢጫ ማድመቂያ እስክሪብቶ ይዟል። የግብዣ ደብዳቤውን አነበበ። ፓስፖርቴን አየ። እንደገና ደብዳቤውን አየ። ከዚያ «አይሪሽ» የሚለውን ቃል በቢጫው ቀባው።

«የአየርላንድ ፊልም ፌስቲቫል ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«አንቺ ግን ኢትዮጵያዊት ነሽ።»

«አዎ፣ ነኝ።»

«ታዲያ ፊልሙ እንዴት የአየርላንድ ሆነ?»

ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም። ከኋላዬ ያለው ወረፋ በሙሉ ይሰማል። ረጋ ብዬ አስረዳሁት። የተቀረጸው እዚሁ አገር ነው፤ ያሠራው ድርጅትም የአየርላንድ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሽማግሌ የኮናማራ (የምዕራብ አየርላንድ) ሰው ናቸው፣ ግማሹን የሚያወሩት በአይሪሽ ቋንቋ ነው፤ አንተ እንኳ የማትሰማው ቋንቋ ነው ልለው ከአፌ መለስኩት። እሱ ደግሞ ወደ ፎርሙ ዞረ። «ሥራ በሚለው ላይ ኬረር ብለሻል፤ ዳይሬክተር ነኝ የምትይኝ ታዲያ የቱን ልመን?» አለኝ። ሁለቱንም እመን አልኩት። አላመነም። ፋይሌን «ያልተሟላ» ብሎ መለሰልኝና ሌላ ቀጠሮ እንድይዝ፣ ስመጣም የተከፈለበት የአውሮፕላን ትኬት እንድይዝ ነገረኝ።

ይኸውልህ፣ ገንዘቤን የበላው ይህ ነው። ቪዛ ሳይያዝ የተገዛ ትኬት የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ቦታ ማስያዣው ይበቃል። መመሪያውን ከስልኬ አውጥቼ አሳየሁት። «እንደፈለግሽ፤ ካልያዝሽ ግን አልቀበልም» አለ። ገዛሁ። ፓስፖርቴ ተመልሶ እጄ የገባው ያ በረራ ከሄደ በኋላ ነው። ሌላ ትኬት በእጥፍ ገዛሁ። ለመጀመሪያው አንድ ሳንቲም አልተመለሰልኝም። ለቢሮው ቅሬታ ጻፍኩ፤ «አስተያየትዎን ስለሰጡን እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣልኝ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ከገጠመህ ከመስኮቱ አትራቅ። ኃላፊውን ጥራልኝ በል፣ ወይም ትኬት ግዛ ያለህን በጽሑፍ እንዲሰጥህ ጠይቅ። እምቢ ካለ ደግሞ ቀኑ የሚቀየር ወይም ገንዘቡ የሚመለስ ትኬት ብቻ ግዛ።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ታጥቄ ነው የሄድኩት። ፕሮዲዩሰሬ ደብዳቤ ጻፈችልኝ፦ ፊልሙ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተሠራ፣ እኔ ዳይሬክተሯ እንደሆንኩ። መጦሪያው የፈቃድ ደብዳቤ ሰጠኝ፦ በዚህ ቀን ትወጣለች፣ በዚህ ቀን ሥራ ትገባለች። የፌስቲቫሉን ፕሮግራም አትሜ ስሜ ያለበትን መስመር አስምሬበት አስገባሁ። በራሴ ቢጫ። ከላይ ደግሞ የአንድ ገጽ ማብራሪያ፦ ሌሊት ኬረር ነኝ፣ ቀን ፊልም እሠራለሁ፣ ሁለቱም እውነት ነው። አንተም ዴሊቬሩም (ምግብ ማድረስ) ሥራ፣ ታክሲም ንዳ፣ ሥራህን አትደብቅ። ቋሚ ገቢና የሚመለሱበት ሥራ ማሳየት ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። በዚያ ቀን መስኮቱ ላይ ሌላ ሴትዮ ነበረች፤ ቀና ብላም ሳታየኝ ተቀበለችኝ።

ያ ልጅ «እንዴት የአየርላንድ ሆነ» ያለኝ ግን ብዙ ጊዜ ሆዴን በልቶኛል። አንተም መጠየቅህ ስለማይቀር መልሱን አዘጋጅ። ፊልምን የአየርላንድ የሚያደርገው የዳይሬክተሩ ፓስፖርት አይደለም። ዮርጎስ ላንቲሞስ ግሪካዊ ነው፤ «ዘ ሎብስተር»ን የቀረጸው ኬሪ ውስጥ ነው፣ ከዚያ በኋላም ኦስካር የበሉት ፊልሞቹ ከጀርባቸው ደብሊን ያለው ኤለመንት ፒክቸርስ አለ። በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ) የወጣውን «ኒካፕ»ን የመራው ሪች ፔፒያት እንግሊዛዊ ነው፤ ፊልሙ ግን በአብዛኛው በአይሪሽ ቋንቋ ነው፣ አየርላንድም ለኦስካር የላከችው እሱኑ ነው። ለግሪክና ለእንግሊዝ ሲሆን ማንም አይጠይቅም፤ ለእኛ ሲሆን ነው ማድመቂያ የሚወጣው።

አራተኛ ላይ ነኝ መሰለኝ። የፊልሙ ዕቃ። ዲሲፒውን (ሲኒማ ቤቶች የሚያጫውቱትን የፊልሙን ዲጂታል ቅጂ) ከመላክህ በፊት እውነተኛ ሲኒማ ቤት ውስጥ አስሞክረው፤ ላፕቶፕ ላይ ያማረ ድምፅ አዳራሽ ውስጥ ሌላ ነገር ነው። እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚቀረጸው በሴኮንድ 25 ፍሬም ስለሆነ ዲሲፒውም 25 መሆኑን አረጋግጥ፤ አለዚያ ርዝመቱ ይለወጥና የሰብታይትሉ ሰዓት ይዛነፋል። ሮም ላይ ፊልሙ በራሱ ቋንቋ ነው የሚታየው፣ ጣሊያንኛው ከሥር ይጻፋል። ስለዚህ ንግግሩን በሙሉ ከነሰዓቱ ጽፈህ ላክ። የእኔ ፊልም ውስጥ አማርኛ፣ አይሪሽና እንግሊዝኛ ስላለ ሦስቱንም ለይቼ ላክሁ። ልፋቱ ቀላል አልነበረም፤ ግን ከሰብታይትሉ አንድ መስመር አልወደቀም። እዚህ ላይ ትንሽ ልኩራ።

ገንዘብ ካነሳን ዘንድ ከልቸር አየርላንድን ጠይቅ። የአገሪቱን ኪነ ጥበብ ውጭ አገር ለማሳየት የተቋቋመ የመንግሥት ክፍል ነው፤ እዚህ ኖረው የሚሠሩ አርቲስቶችም ያመለክታሉ። ግን ከጉዞው በፊት ነው። ሄደህ ከመጣህ በኋላ ደረሰኝ ይዘህ ብትሄድ የሚያይህ የለም።

አሁን «ይጠቅማል ወይ» ወዳልከው ልምጣ። ይህ ፌስቲቫል ከ2007 ጀምሮ ያለ ነው፤ አይሪሽ ፊልም ፌስታ ይሉታል። እኔ በሄድኩበት ጊዜ የሚደረገው ካዛ ዴል ቺኔማ ነበር፣ ቪላ ቦርጌዜ መናፈሻ ውስጥ። ትልቅና ዝነኛ ፌስቲቫል አይደለም። ቀይ ምንጣፍ እያሰብክ ከሆነ እርሳው። አዲስ የወጡ ረጃጅም ፊልሞች አሉ፣ ዘጋቢ ፊልም አለ፣ አጫጭሮቹ ደግሞ ተራ በተራ ተደርድረው ይወዳደራሉ። ትንሽ መሆኑ ነው ጥቅሙ። ደብሊን ውስጥ ኢሜይል ጽፌላቸው መልስ የነፈጉኝን ሰዎች እዚያ ቡና ወረፋ ላይ አገኘኋቸው። ሮም ላይ ሁሉም እንግዳ ነው፤ ያወራሃል።

ተመልካቹ ግን ነው ያስደነቀኝ። ጣሊያኖች ስለ አየርላንድ የሚያውቁት ቢራና ሙዚቃ ነው ብዬ ነበር የሄድኩት። ሰዎቹ አይሪሽ ቋንቋን ለይተው ያውቁታል። «ዘ ኳየት ገርል» በ2023 ለኦስካር ሲታጭ በዚያ ቋንቋ ከተሠሩ ፊልሞች የመጀመሪያው እንደሆነ ለእኔ የነገሩኝ እነሱ ናቸው። የእኔ ፊልም ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የነካቸው። ጣሊያን ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት የሚጦረው በውጭ አገር ሴቶች እጅ ነው፤ ባዳንቴ ይሏቸዋል። የሮማኒያ አሉ፣ የዩክሬን አሉ፣ የፔሩ አሉ። አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ያለው ሰው ብዙው እናቱን ወይ አባቱን ለእንደነዚህ ያለች ሴት ትቶ የመጣ ነው። እኔ ሽማግሌውን ገላቸውን ሳጥብ የሚያሳየው ቦታ ላይ ማንም አልሳለም። ጥያቄና መልሱ ሲጀመር አንድ ሸበቶ ሰውዬ ተነሡና ስለ ጥበብ ሊጠይቁኝ ነው ስል «አየርላንድ ውስጥ ለዚህ ሥራ በሰዓት ስንት ይከፍላሉ?» አሉኝ። ተናገርኩ። አዳራሹ አጉረመረመ። አስተርጓሚዋ የትኛውን ቀድማ እንደምትተረጉም ግራ ገባት። ይህን በሊንክ አታገኘውም።

አስተርጓሚ ካልኩ፣ አጭር አጭር አድርገህ ተናገር። ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግረህ ጠብቃት። ከእኔ በፊት የወጣው ዳይሬክተር እንደ ሬዲዮ ተለቀቀና ልጅቷ ግማሹን ዋጠችው።

ጊዜ ከተረፈህ ፖርታ ካፔና አደባባይ ድረስ ሂድ። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞ የኖረበት ቦታ ነው፤ በ2005 ነው አገሩ የገባው። ካሜራማናችን አይሪሽ ነው፣ ታሪኩን ሰምቶ አያውቅም ነበር። እዚያው ቆሜ ነገርኩት፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ተናደደ። እንጀራ ካማረህ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አታጣም።

ስትመለስ አይአርፒ ካርድህ ያላለቀ ይሁን፣ በእጅህም ያዘው፤ ሻንጣ ውስጥ አትክተተው። ከ2019 ወዲህ ካርዱ ካለህ የመመለሻ ቪዛ አያስፈልግም፤ የአየር መንገድ ሠራተኞች ግን ሁሉም ይህን አያውቁትም።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ፓስፖርትህን ሲመልሱልህ ከበሩ ሳትወጣ ቪዛውን አንብበው። ስምህን፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደሰጡህ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ እይ። ስህተት ካለ እዚያው ተናገር።

የደብዳቤዎቹን ናሙና ስም አጥፍቼ በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። ፌስቲቫሉ መቼ እንደሆነና ቀጠሮ ያዝክ እንደሆነ ጻፍልኝ። ቀን ላይ ቶሎ ካልመለስኩልህ ተኝቼ ነው፤ ማታ ሥራ ላይ ሆኜ አየዋለሁ።