ለብረት ጽሑፍ የትኛውን የሌዘር ማሽን ልግዛ?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ በዋንጫና በሜዳሊያ፣ በቢሮ የስም ሰሌዳ፣ በቁልፍ መያዣና በጋብቻ ቀለበት ላይ ጽሑፍ እየቀረጽኩ እተዳደራለሁ። እስካሁን የምሠራው በመርፌ በሚጭር ማሽን ሲሆን፣ አሁን ሌዘር የምገዛበት ገንዘብ አጠራቅሜአለሁ። አንዱ ሻጭ 80 ዋት ሲኦቱ፣ ሌላው 20 ዋት ዳዮድ፣ ሦስተኛው ደግሞ 20 ዋት ፋይበር አቅርበውልኛል። ፋይበሩ ከዳዮዱ በብዙ ይወደዳል፤ ዋታቸው ግን እኩል ነው። ደግሞስ 80 ዋት ያለው ከሁለቱም እንዴት አይበልጥም? መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ማሽኑ እንዳይበላሽብኝም እሰጋለሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከዘረዘሩት ሥራ አንጻር መግዛት ያለብዎ ፋይበሩን ነው። ዋት የሚነግርዎ ማሽኑ የሚያወጣውን የጨረር ኃይል እንጂ ብረቱ ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚቀበል አይደለም። ሲኦቱ ጨረሩን የሚያወጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሲሆን፣ የጨረሩ የሞገድ ርዝመት 10.6 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ይህን ጨረር እንጨት፣ ቆዳና አክሪሊክ በደንብ ሲቀበሉት፣ ያልተቀባ ብረት ግን አብዛኛውን መልሶ ያንጸባርቀዋል። ስለዚህ ያ 80 ዋት ማሽን ወፍራም አክሪሊክ እየቆረጠ፣ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ቀለም ካልተረጨበት በስተቀር ስቴንለስ ላይ የረባ ምልክት አያስቀምጥም። በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ የሚፈጠረው የፋይበር ጨረር ግን የሞገድ ርዝመቱ 1,064 ናኖሜትር (1.064 ማይክሮን) በመሆኑ ከሲኦቱ አሥር ጊዜ ያህል ያጠረ ነው፤ ብረትም በዚህ ርዝመት የመጣውን ጨረር በተሻለ መጠን ይቀበለዋል።

ከዳዮዱ ጋር ዋታቸው እኩል ሆኖ ዋጋቸው የተራራቀው ጨረሩን የሚያወጡበት መንገድ ስለሚለያይ ነው። ዳዮዱ፣ ማለትም ጨረሩን ከትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ የሚያወጣው፣ ሰማያዊ ብርሃኑን ሳያቋርጥ ያፈሳል። ፋይበሩ ግን ኃይሉን እያጠራቀመ እጅግ አጭር በሆኑ ምቶች ይለቀዋል። 20 ዋት ፋይበር በሰከንድ 20,000 ጊዜ ሲመታ፣ እያንዳንዱ ምት 100 ናኖ ሰከንድ ያህል ቢቆይ፣ በዚያች ቅጽበት ብረቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል 10 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። ብረቱን ከላዩ አትንኖ የሚቀርጸው ይህ ነው። ዳዮዱ የተቀባ ኩባያ ላይ ቀለሙን ለማንሳት፣ ቀለም የጠጣ አሉሚኒየም ላይ ለመጻፍና ስቴንለስን ለማጥቆር ያገለግላል፤ ለነሐስ፣ ለብርና ለወርቅ ግን አይሆንዎትም።

ፋይበር ውስጥም ምርጫ አለ። የተለመደው ዓይነት የምቱ ርዝመት የማይለወጥ ሲሆን፣ ሞፓ የሚባለው ግን ምቱን ማስረዘምና ማሳጠር ስለሚያስችል ስቴንለስ ላይ የተለያዩ ቀለሞችን፣ ቀለም በጠጣ አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ጥቁር ጽሑፍን አጥርቶ ያወጣል። ደንበኞችዎ ባለቀለም ሥራ ካልጠየቁዎ በስተቀር ለሞፓ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አስፈላጊ አይመስለንም። ለጽሑፍ 20 ዋት በቂ ነው፤ ማኅተም ወይም የሜዳሊያ ቅርጽ በጥልቀት የመቆፈር ሐሳብ ካለዎ ግን 50 ዋት ያስፈልግዎታል፤ በ20 ዋትም ይቆፈራል፣ ሆኖም አንዱን ሥራ ለመጨረስ የሚፈጀው ሰዓት ገበያዎን ይጎዳል።

ስለ ሌንሱ ሻጮች ብዙ ጊዜ ሳያብራሩ ያልፋሉ። 300 በ300 ሚሊ ሜትር የሚሸፍን ሌንስ ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን የሚሸፍነው ቦታ በሰፋ ቁጥር የጨረሩ ነጥብም ስለሚወፍር ጽሑፉ ጥራት ያጣል፣ ኃይሉም ይሳሳል። ለእርስዎ ሥራ 110 በ110 የሚሸፍነው ይበልጣል፤ በተለይም የአማርኛ ፊደል በቀለበት ውስጠኛ ገጽ ላይ ሲጻፍ ቁመቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር ስለማይዘል፣ የ«ጭ» እና የ«ሥ» እግሮች ተጣብቀው እንዳይነበቡ የሚያደርጋቸው የነጥቡ መወፈር ነው። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የራስዎን የነሐስ ሰሌዳና የብር ቀለበት ይዘው ይሂዱና፣ የሙሽሮችን ስምና ቀኑን በአማርኛ በፊትዎ እንዲጽፉልዎ ይጠይቁ። ሶፍትዌሩ የአማርኛውን ፎንት ካበላሸው ጽሑፉን ኮረልድሮው በሚባለው የሥዕል ሶፍትዌር ወደ መስመር ለውጦ ማስገባት ይቻላል። ቀለበቱን የሚያሽከረክረውንና አጋድሞ የሚይዘውን መያዣም በዋጋው ውስጥ ያስገቡልዎት፤ ለብቻው ሲገዛ ያስወጣል።

ዋጋ ለመቀነስ ብለው በፍጹም የማይተዉት ነገር የዓይን ጥበቃ ነው። የፋይበር ጨረር አይታይም፤ የዓይንን ፊት አልፎ ውስጥ ድረስ በመግባት ብርሃን ተቀባዩን ክፍል በቅጽበት ያቃጥላል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ከነሐስ ወይም ከብር ላይ የተንጸባረቀው ጨረር እንኳ ለዚህ በቂ ነው፤ በጠባብ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ ቀለበቱን የሚጠብቅ ደንበኛ፣ አንዳንዴም ልጅ የያዘች እናት አለች። ስለዚህ ዙሪያው ክፍት ከሆነው ይልቅ በሳጥን የተዘጋውን ማሽን እንዲመርጡ አጥብቀን እንመክርዎታለን። መነጽሩም ላዩ ላይ 1,064 የሚል ቁጥርና ኦዲ (መነጽሩ ጨረሩን የሚያግድበት መጠን) 6 ወይም ከዚያ በላይ የሚል ጽሑፍ ያለበት ይሁን፤ ለሲኦቱ የተሠራ መነጽር ከዚህ ጨረር አያድንም። ጭሱንም ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ይግጠሙ፤ ስቴንለስ ሲቀረጽ የክሮምና የኒኬል ብናኝ ይወጣዋል።

መብራትን በተመለከተ ስጋትዎ ቀላል መፍትሔ አለው። 20 ዋት ፋይበር ከመስመር የሚወስደው ከ500 ዋት አይበልጥም፤ የሚቀዘቅዘውም በአየር ስለሆነ እንደ ሲኦቱ ውኃ የሚያዘዋውር ፓምፕ አያስፈልገውም። በሥራ መሐል መብራት ቢጠፋ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ የደንበኛው ዕቃ ነው፤ ያቋረጡትን ጽሑፍ በዚያው ቦታ ላይ መልሶ ማጋጠም እጅግ ያስቸግራልና። ማሽኑን የሚጎዳው የቮልቴጅ ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑንና ኮምፒውተሩን አንድ ላይ የሚችል፣ ቮልቴጅም የሚያስተካክል ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ከማሽኑ ጋር አብረው ይግዙ፤ የሱቅዎ መስመር ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ የጥበቃ ሽቦ) ያለው መሆኑንም ማሽኑ ከመተከሉ በፊት በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስፈትሹ።