የእናቴ ጀበና

ይድረስ ለምክር አምድ፦

ትዕግሥቴ አልቋል። እናቴን የሥጋ ደዌ ይዟት ነበር። ከዘጌ ባሕር ዳር አምጥቼ አሳከምኳት። 12 ወር ሙሉ መድኃኒቷን ዋጠች። «ድነሻል» ከተባለች ሦስት ዓመቷ ነው። እሷ ግን ዛሬም እንደታመመች ናት። ከእኛ ጋር አትቆርስም። አንዲት የቆርቆሮ ኩባያ ምስማር ላይ ተሰቅላላታለች፣ በሌላ አትጠጣም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰው ሳይነሳ ደርሳ ትመለሳለች። እግሯን እሾህ ሲወጋት አይታወቃትም፤ እኔም የማየው ሲሸት ነው። ብቆጣት ዝም። ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታነጋለች። በቀደም ደግሞ ያንን የምትሳሳለትን ጀበናና የብር መስቀሏን ለጎረቤት ሰጥታ «ከእንግዲህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል» አለችኝ። ቤቱን የምሞላው እኔ፣ የምትበትነው እሷ!

ለማንኛውም በጥር ሠርጌ ነው። የእጮኛዬ ቤተሰቦች ስለ እናቴ አያውቁም። ጣቶቿን ቢያዩ «የዘር ነው» ማለታቸው አይቀርም። እሷም «ገጠር ናት በያቸው» ብላኛለች። እንደዚያ ብል ኃጢአት ነው?

ብሶተኛዋ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦

እህቴ፣ ሠርጉ ይቆየን። እኔን ያስደነገጠኝ ጀበናው ነው።

የዘጌ ሴት ጀበናዋን፣ ያውም ከመስቀሏ ጋር ስትሰጥ ቤት መበተን አትበይው። እንቅልፍ ያጣች፣ ከሰው የተለየች እናት «ከእንግዲህ» ስትል ስንብት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ማታ አጠገቧ ቁጭ በይና በግልጽ ጠይቂያት፦ «እማዬ፣ መሞት ያሰኝሻል?» አትፍሪ፣ መጠየቅሽ ሐሳቡን አያመጣባትም። «አዎ» ካለች ለደቂቃም ብቻዋን አትተያት። የተባይ መርዝ ቤት ካለ አውጪው። ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል፣ አእምሮ ሕክምና ክፍል ውሰጃት። «አይ» ብትልም ሰሞኑን ይዘሻት ሂጂ። ድብርት ይታከማል። ያ የ12 ወር መድኃኒት የገደለው ተሕዋሱን ነው፤ «ቆማጣ» እየተባለች የኖረችበትን ዘመን አይነካውም።

ኩባያዋ «ተሰቅላላታለች» ብለሻል። ማን ሰቀላት? መጀመሪያ የለየባት ሰው ነበር፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። አውርጂና እያየችሽ ጠጪባት።

ለአማቶችሽ የምትነግሪው አጭር ነው። የዘር አይደለም። ሃንሰን የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም ተሕዋሱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው፤ ወሬው እነሱ ዘንድ ካልደረሰ አንቺ አድርሺ። ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል። ጣቶቿ እንደዚያ የሆኑት ነርቯ ስለተጎዳ ነው፣ በሽታው ስላለባት አይደለም። ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ካለ ከሠርጉ በፊት ይሽሽ። «ገጠር ናት በያቸው» ያለችሽ ደግሞ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ «ኧረ አልልም» ስትዪ ልትሰማ ነው።

እግሯን ማታ ማታ አንቺ እይላት። ባልሞቀ ውሃ ዘፍዝፊው፣ ቅባት ቀቢው፣ ቁስል ካለ ጤና ጣቢያ። እንደ ጣጣ አትቁጠሪው፤ ሰው ከነካት ስንት ዓመቷ ይሆን?

ነገ ጠዋት ደግሞ ጎረቤት ሂጂና ጀበናውን መልሰሽ አምጪ። ቡናውን እሷ ትቅዳ። ከእሳቱ የምታወርጂው ግን አንቺ ነሽ፤ እጇ ትኩሱን አይለይም።